የጆን ጄይ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ እጃችሁ ሲገባ፦ ከመክፈት እስከ ማስቀመጥ፣ ደረጃ በደረጃ

ፊርማውን አስቀድሞ ያየ ሰው ይታለላል። የጆን ጄይ ስም ያለበት አሮጌ ወረቀት ያገኘ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ኢንተርኔት ላይ ካለ አንድ ፊርማ ጋር ያመሳክራል፤ ከመሰለው ገንዘቡን ይከፍላል። ፎርጅድ ሠሪዎች ደግሞ አብዝተው የሚለማመዱት ያንኑ ፊርማ ነው። ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ እጥፋቱን፣ ቀኑንና ቦታውን ሁሉ አስማምቶ መሥራት ግን እጅግ ከባድ ነው፤ አብዛኛው ሐሰት የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ፊርማው የሚመጣው በሰባተኛው ደረጃ ነው። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ አንዱ ላይ ችግር ካገኛችሁ እዚያው ቁሙና በዚያ ደረጃ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ።

ጄይ የአሜሪካ የመጀመሪያው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ናቸው፤ የተወለዱት በ1745፣ ያረፉት በ1829 ነው። እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀንም ወደ እኛ አቆጣጠር አትለውጡት፤ ማመሳከሪያው ሁሉ በዚያው ነው የሚሠራው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

- 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር
- ነጭ ብርሃን ያለው ትንሽ የእጅ ባትሪ
- ከሥር የሚያበራ ጠፍጣፋ የኤልኢዲ ሰሌዳ፤ ከሌለ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው መስኮት
- 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት መብራትና የዓይን መከላከያ መነጽር
- በሚሊሜትር የተከፈለ የፕላስቲክ ማስመሪያ
- እርሳስ (እስክሪብቶ ጠረጴዛው አጠገብ አይደርስም)
- አሲድ የሌለው ነጭ ወረቀትና ፎልደር፣ ደብዳቤውን የሚይዝ የፖሊስተር ከረጢት
- ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ወይም ካሜራ

ጠረጴዛውን አጽዱና አድርቁ። ቡናም ውሃም ከክፍሉ ይውጣ። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ ሎሽን አትቀቡ። የጥጥ ጓንት አታድርጉ፦ ጣት የወረቀቱን ጠርዝ እንዳይለይ ያደርጋል፣ የተሰነጠቀ እጥፋትም በክሩ ይይዝና ይቀደዳል። ንጹሕ ደረቅ እጅ ይሻላል።

## ደረጃ 1፦ ደብዳቤውን ሳይጎዱ መዘርጋት

1. ነጩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አንጥፉና ደብዳቤውን እዚያ ላይ አሳርፉ።
2. ታጥፎ ከሆነ አንዱን እጥፋት ብቻ ከፍታችሁ ለአፍታ ጠብቁ። ወረቀቱ ራሱ ወደ ኋላ ከተመለሰ አትጫኑት።
3. ሁለት ጣት ከላይ፣ መዳፍ ከሥር አድርጋችሁ ቀጣዩን እጥፋት ክፈቱ።
4. ሲገለበጥ ከሥሩ ሌላ ወረቀት አስገብታችሁ ከነወረቀቱ ገልብጡት።

ፈጽሞ የማይደረጉ፦ ስኮች መለጠፍ፣ ላሚኔት ማድረግ፣ መተኮስ፣ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ፣ በላጲስ መፈተግ፣ በብረት ክሊፕ መያዝ፣ የደበዘዘ ፊደል ላይ ደግሞ መጻፍ። ላሚኔት የተደረገ ደብዳቤ በደህና አይመለስም። ስኮች ደግሞ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና ከዓመታት በኋላ ቡናማ ቅባት ይሆናል።

ችግር ሲገጥም፦ እጥፋቱ ላይ ጥርት ያለ የስንጥቅ ድምፅ ከሰማችሁ አቁሙ። በተከፈተበት መጠን ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ስጡ። የወደቀ ቁራጭ ካለ፣ አንዲት ፊደል ብቻ ብትይዝም፣ በትንሽ ፖስታ አድርጋችሁ ከየት ገጽ እንደወደቀች በእርሳስ ጻፉበት።

## ደረጃ 2፦ ፎቶ ማንሳት

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ አብዛኛው በፎቶው ላይ ነው የሚሠራው፤ ዋናውን ደጋግሞ መንካት አያስፈልግም።

1. ካሜራውን በትክክል ከላይ፣ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጉ። ፍላሽ አጥፉ።
2. ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ሁለት እኩል መብራት አኑሩ።
3. ማስመሪያውን ከጎኑ አድርጋችሁ ፊትና ጀርባውን፣ ባዶ የሚመስለውንም ገጽ ሳይቀር አንሱ።
4. አንዱን መብራት አጥፉ፤ ሌላውን ከአንድ ጎን እስከ ጠረጴዛው ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ ድጋሚ አንሱ። እጥፋት፣ የብዕር ጫናና የተፋቀ ቦታ የሚታየው በዚህ ብርሃን ነው።
5. ፊርማውን፣ ቀኑን፣ የአድራሻውን ገጽና የማኅተሙን ቦታ ለየብቻ ከቅርብ አንሱ።

ወረቀት እየሳበ የሚያስገባ ስካነር ፈጽሞ አይነካውም። ጠፍጣፋ ስካነር የሚፈቀደው ወረቀቱ ጠንካራና በራሱ የተዘረጋ ከሆነ ብቻ ነው፤ ክዳኑን አትጫኑ፣ ለፊርማው 600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መጠን) ተጠቀሙ።

ጽሑፉ ደብዝዞ ካልታየ፦ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ሦስቱን የቀለም ክፍሎች ለዩና ሰማያዊውን ብቻ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡ። ቡናማ ቀለም ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ ፊደሉ ብዙ ጊዜ ጠቁሮ ይወጣል።

## ደረጃ 3፦ ዓይነቱን መለየት

«ፊርማ ያለበት ደብዳቤ» ሲባል አምስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዋጋቸውም ጥቅማቸውም ለየቅል ነው።

ሙሉ በሙሉ በጄይ እጅ የተጻፈ። የጽሑፉ እጅና የፊርማው እጅ አንድ ነው። ቀለሙም አብሮ ይሄዳል፤ የመጨረሻው መስመርና ፊርማው ተመሳሳይ ጥቁረት አላቸው።

ጸሐፊ ጽፎት ጄይ የፈረሙት። የጽሑፉ እጅ ጥንቁቅና እኩል፣ የፊርማው ደግሞ የተለየ ነው። ይህ የሐሰት ምልክት አይደለም፤ ጄይ በሥልጣን ዘመናቸው ሁሉ ጸሐፊዎች ነበሯቸው። በ1794 ለንደን ሳሉ ጸሐፊያቸው ሠዓሊው ጆን ትራምቡል ነበር።

የታተመ ቅጽ ላይ የተፈረመ። በኮንግረስ (የአሜሪካ ምክር ቤት) ፕሬዝዳንትነታቸው የፈረሟቸው የጦር መኮንን ሹመቶች፣ በኒው ዮርክ ገዥነታቸው የፈረሟቸው የመሬት ሰነዶች የዚህ ዓይነት ናቸው። ሰነድ እንጂ ደብዳቤ ብላችሁ አትሽጡት፣ አትግዙትም።

ግልባጭ። መሥሪያ ቤት ለመዝገቡ፣ ተቀባይ ለወዳጁ፣ የልጅ ልጅ ለቤተሰቡ የገለበጠው ነው። የጄይ ስም መጨረሻው ላይ ይኖራል፤ ነገር ግን የገልባጩ እጅ ነው። የአድራሻ ገጽ፣ የማኅተም ምልክትና ለመላክ የታጠፈበት መስመር ከሌለ ግልባጭ መሆኑን አስቡ።

የህትመት ቅጂ። በማጉያ እዩት። ቀለም በብዕር ሲጻፍ ምቱ (የብዕሩ ጭረት) በጀመረበትና በቆመበት ይጠራቀማል፣ መሃሉ ይሳሳል። ህትመት ከሆነ ጥቁረቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል ነው፣ ወይም ነጠብጣብ ይታያል። የሚንኮሻኮሽ፣ ቢጫ የተቀባ «ብራና መሰል» ወረቀት ከሆነ ለጎብኚ የሚሸጥ ማስታወሻ ነው፤ ምርመራው እዚህ ያበቃል።

ስሙ ያለበት ሁሉ ፊርማ አይደለም። በዚያ ዘመን ተቀባዩ ደብዳቤውን አንብቦ ካጠፈው በኋላ ከውጭ በኩል የላኪውን ስምና ቀን ይጽፍ ነበር። ስለዚህ ጀርባው ላይ በጠባቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጎን ዞሮ «ጆን ጄይ፣ 3 ማርች 1796» የሚመስል ነገር ብታዩ የተቀባዩ የመዝገብ ማስታወሻ ነው። በሌላ በኩል ይህ ማስታወሻ መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው፤ ደብዳቤው እውነት ተልኮ እውነት መድረሱን ያሳያል።

## ደረጃ 4፦ ቀኑንና ቦታውን ከጄይ ሕይወት ጋር ማስማማት

ይህ ደረጃ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ብዙውን ሐሰትም የሚጥለው እሱ ነው። ከላይ በቀኝ ወይም ከታች በግራ የተጻፈውን ቦታና ቀን አንብቡና ከዚህ ጋር አስተያዩ፦

- ዲሴምበር 1778 እስከ ሴፕቴምበር 1779፦ ፊላዴልፊያ፣ የአህጉራዊው ኮንግረስ ፕሬዝዳንት።
- ጃንዋሪ 1780 እስከ ሜይ 1782፦ ስፔን። መጀመሪያ ካዲዝ፣ ቀጥሎ ማድሪድና የንጉሡ አደባባይ የሚሰፍርባቸው ከተሞች።
- ጁን 1782 እስከ ሜይ 1784፦ ፓሪስ፣ ከእንግሊዝ ጋር የሰላም ውሉ ድርድር። ከኦክቶበር 1783 በኋላ ለጥቂት ወራት እንግሊዝ ነበሩ።
- ዲሴምበር 1784 እስከ ማርች 1790፦ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ፣ ባብዛኛው ኒው ዮርክ።
- ኦክቶበር 1789 እስከ ጁን 1795፦ ዋና ዳኛ። ችሎቱ በ1790 ኒው ዮርክ፣ ከ1791 ጀምሮ ፊላዴልፊያ። በመካከሉ ጄይ በኒው ዮርክና በኒው ኢንግላንድ እየዞሩ ያስችሉ ነበር።
- ጁን 1794 እስከ ኤፕሪል 1795፦ ለንደን፣ የዋና ዳኝነቱን ሥልጣን እንደያዙ።
- ጁላይ 1795 እስከ ጁን 1801፦ የኒው ዮርክ ገዥ። የክልሉ መንግሥት በ1797 ወደ ኦልባኒ ተዛወረ።
- ከ1801 እስከ ሜይ 17 ቀን 1829፦ ጡረታ፣ ቤድፎርድ፣ ኒው ዮርክ።

ሁለት መደራረቦች ሰውን ያደናግራሉ። በ1790 መጀመሪያ የተጻፈ ደብዳቤ ስለ ውጭ ጉዳይ ቢያወራ ስሕተት አይደለም፤ ጄይ ዋና ዳኛ ከሆኑ በኋላም ቶማስ ጄፈርሰን በማርች 1790 ቦታውን እስኪረከብ ድረስ ያንን ሥራ ይዘው ነበር። በኦገስት 1794 «ዋና ዳኛ» ሆነው ከፊላዴልፊያ ጻፉ የሚል ደብዳቤ ግን ሐሰት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውቅያኖስ ማዶ ናቸው።

ትልቁ ወጥመድ፦ የልጅ ልጃቸውም ስሙ ጆን ጄይ ነው። በ1817 ተወልዶ በ1894 የሞተ ጠበቃና ዲፕሎማት ሲሆን ከ1869 እስከ 1875 በኦስትሪያ-ሃንጋሪ የአሜሪካ ልዑክ ነበር። ብዙ ደብዳቤ ጽፏል፤ እውነተኛ ፊርማ ነው፣ ሰውየው ግን ሌላ ነው። ስለ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ቴሌግራም የሚያወራ ወይም ቴምብር ከተለጠፈበት ፖስታ ጋር የመጣ «የዋና ዳኛው ደብዳቤ» ሁሉ የልጅ ልጁ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ቴምብር ማውጣት የጀመረው በ1847 ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን ቀኖችም ፈትሹ። «ኢንስት.» የሚል ምኅጻር ካዩ «በዚሁ ወር»፣ «አልት.» ካዩ «ባለፈው ወር» ማለት ነው። ጃንዋሪ 5 ቀን የተጻፈ ደብዳቤ «የ20ኛው ኢንስት. ደብዳቤዎ ደረሰኝ» ካለ፣ ገና ያልመጣ ቀን ደርሶታል ማለት ነው፤ ንባባችሁን ደግማችሁ አጣሩ፣ ንባቡ ትክክል ከሆነ ወረቀቱ ተጠርጣሪ ነው።

## ደረጃ 5፦ ወረቀቱ

1. ለኩ። የዚያ ዘመን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ወረቀት ሁለት ላይ ታጥፎ አራት ገጽ የሆነ ነው፤ ጽሑፉ ከፊት፣ አድራሻው አራተኛው ገጽ ላይ። ፖስታ አልነበረም፤ ወረቀቱ ራሱ ታጥፎ በሰም ወይም ከሊጥ በተሠራ ስስ ማሸጊያ ይዘጋል። ሲከፈት ማሸጊያው ያለበት ቦታ ይቀደዳል። ስለዚህ ከማኅተሙ ትይዩ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ትክክለኛ ጉዳት ናት፤ በወረቀት አትድፈኗት።

2. በብርሃን አሳልፋችሁ እዩ። በ1780ዎቹ ወረቀት ላይ ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች፣ እነሱን የሚያቋርጡ ደግሞ በግምት በየ2.5 ሳንቲሜትሩ የተራራቁ መስመሮች ይታያሉ፤ የወረቀት ማጥለያው የሽቦ አሻራ ነው። መስመር አልባው ለስላሳ የእጅ ወረቀት በእንግሊዝ በ1750ዎቹ ቢጀመርም በስፋት የተለመደው ከ1790ዎቹ ወዲህ ነው። የ1779 ደብዳቤ መስመር አልባ ከሆነ በጥንቃቄ ያዙት፤ የ1810 ከሆነ ምንም አይደለም።

3. የውሃ ምልክቱን (በብርሃን ሲያሳልፉት ወረቀቱ ውስጥ የሚታየውን የሠሪውን ምልክት) ፈልጉ። ዘውድ ያለበት ጋሻ፣ የተቀመጠች ሴት ምስል (የእንግሊዝ ምልክት የሆነችው ብሪታኒያ)፣ የወረቀት ሠሪው ስም (ለምሳሌ «ጄ ዋትማን») ሊገኝ ይችላል። ከ1794 የእንግሊዝ ሕግ በኋላ ብዙ ሠሪዎች ዓመቱንም አስገብተዋል። ይህ ታላቅ ዕድል ነው፦ የውሃ ምልክቱ 1799፣ ደብዳቤው 1796 ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ወይ ሐሰት ነው ወይ በኋላ የተገለበጠ። የውሃ ምልክቱ ከደብዳቤው በጥቂት ዓመት ቢቀድም ግን ጤናማ ነው፤ ወረቀት ተገዝቶ ይቀመጣል።

4. አልትራቫዮሌት፦ ክፍሉን አጨልሙና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አብሩበት። ከጨርቅ የተሠራው የዚያ ዘመን ወረቀት ደብዘዝ ያለ ቢጫማ ወይም ክሬም ይመስላል። ወረቀቱ በሙሉ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ ማንጫ ኬሚካል አለበት፤ ያ ኬሚካል ወረቀት ውስጥ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ቦግ ያለው አንድ ቁራጭ ቦታ ብቻ ከሆነ ዘመናዊ ጥገና ወይም ሙጫ ሊሆን ስለሚችል አትደናገጡ።

ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ፎርጅድ ሠሪዎች የድሮ መጻሕፍትን ባዶ ቅጠሎች እየቀደዱ ይጠቀማሉ። አንዱ ጠርዝ ተቆርጦ ወይም የስፌት ቀዳዳ ኖሮት፣ ለመላክ የታጠፈበት መስመር ግን ከሌለው፣ ከመጽሐፍ የወጣ ቅጠል ነው።

## ደረጃ 6፦ ቀለሙና ብዕሩ

የብራና መጻሕፍቶቻችን ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው፤ ዘመን ቢቆጠርም ጥቁር ነው። የጄይ ዘመን የደብዳቤ ቀለም ሌላ ነው፦ በኦክ ዛፍ ላይ ከሚወጣ እባጭ፣ ከብረት ሰልፌትና ከሙጫ ይዘጋጃል። ሲጻፍ ፈዛዛ ነው፣ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ከዘመናት በኋላ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ወረቀቱንም ይበላል። ልዩነቱን ያላወቀ ሰው ቡናማውን «የደበዘዘ ሐሰት»፣ በዘመናዊ ጥቁር ቀለም የተጻፈውን ደግሞ «በደንብ የተጠበቀ» ይለዋል።

ማጉያውን ያዙና በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦

1. የምቱ ጠርዝ። የዚያ ዘመን ወረቀት ቀለም እንዳይጠጣ በጄላቲን ይነከር ነበር፤ ስለዚህ ወረቀቱ አዲስ ሳለ የተጻፈበት ፊደል ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ጄላቲኑ በዘመን ብዛት ይዳከማል። ዛሬ በአሮጌ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቀለም ወደ ጎን እየሾለከ ጸጉር ያወጣል።

2. ቀለሙ እጥፋትን የሚሻገርበት ቦታ። ከሁሉ የምመክረው ይህንን ነው። እጥፋቱ ላይ የወደቀ አንድ ፊደል ምረጡና በዝቅተኛ የጎን ብርሃን እዩት። መጀመሪያ ተጽፎ ኋላ የታጠፈ ከሆነ ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ተሰብሮ ነጭ ክር ይታያል። መጀመሪያ ታጥፎ ኋላ የተጻፈ ከሆነ ቀለሙ ወደ ተሰበረው ጭረት ፈስሶ እንደ ቀጭን ቅርንጫፍ ይዘረጋል። የድሮ ቀዳዳና ቅድ ላይም ያው ነው፤ ፊደሉ ቀዳዳው አፍ ላይ ሲደርስ መቆረጥ ሲገባው ወደ ጠርዙ ከሰረገ ወይም ቀዳዳውን ሸሽቶ ከተጻፈ ቀዳዳው ከጽሑፉ ይቀድማል።

3. የብዕር አሻራ። የላባ ብዕር መስመሩን ቀስ በቀስ ያወፍራል ያቀጥናል፤ ቀለሙ እየሳሳ ሄዶ ሲነከር እንደገና ይጠቁራል። የብረት ብዕር ደግሞ በምቱ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቦዮች ይጭራል። የብረት ብዕር የተስፋፋው ጄይ ወደሞቱበት ዘመን ገደማ ነው፤ በ1780 ደብዳቤ ላይ ሁለት ቦይ ካያችሁ አቁሙ።

4. ስንጥቅ። የቀለሙ ላይኛ ገጽ በየቦታው እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ ባለሙያ ይየው። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ታሪካዊ ሰነዶችን የፈበረከው ማርክ ሆፍማን ቀለሙን በግድ አስረጅቶ ነበር፤ በማይክሮስኮፕ የታየው እንዲህ ያለ ስንጥቅ ከማስረጃዎቹ አንዱ ሆነ።

5. ጀርባው። ቀለሙ አልፎ ጀርባውን ቡናማ ካደረገ፣ በፊደሉ ዙሪያ ቢጫማ ጥላ ካለ ወይም ወፍራም ፊደሎች ተበልተው ከወደቁ፣ ብረቱ ወረቀቱን እየበላው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ላይ ጠብታ ውሃ አይነካም፣ በእንፋሎትም አይለሰልስም። እርጥበት ብረቱን ወደ ንጹሑ ወረቀት ይዞት ይሄዳል፤ ዛሬ የተስተካከለ መስሎ ከጊዜ በኋላ በፊደሎቹ ዙሪያ ይሰባበራል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

## ደረጃ 7፦ ፊርማው

1. ቢያንስ አምስት የተረጋገጡ ፊርማዎች ሰብስቡ። ምንጫችሁ የቤተ መጻሕፍትና የአርካይቭ ፎቶ ይሁን፤ የሻጭ ማስታወቂያ አይሁን። በኒው ዮርክ ያለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ የጄይ ወረቀቶች ስብስብ አለው። ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአንባቢ መታወቂያ በነጻ ይሰጣል።
2. ፊርማዎቹ ከደብዳቤያችሁ ቀን በፊትና በኋላ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ይሁኑ። የ1820ዎቹን አረጋዊ እጅ ከ1780ዎቹ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም።
3. ዓይነቱም ይመሳሰል። በአንድ መቀመጫ ብዙ ሹመት የሚፈርም እጅና ለወዳጁ የሚጽፍ እጅ አንድ ዓይነት ምት የለውም።
4. የፊደሉን መልክ ትታችሁ ፍጥነቱን ተከታተሉ። ምቱ የት ይጀምራል? ብዕሩ የት ይነሣል? ሁለቱ ትልልቅ መነሻ ፊደሎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይራራቃሉ? ሐሰት ቀስ ብሎ ስለሚሣል ይንቀጠቀጣል፣ ያለቦታው ይቆማል፣ ተመልሶ ይነካካል።
5. ፎቶዎቹን አንዱን በሌላው ላይ አስቀምጡ። ፊርማችሁ ከአንዱ ጋር ፍጹም ከገጠመ ደስታ ሳይሆን ሥጋት ነው፤ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም። ከዚያኛው ላይ የተቀዳ ነው።

የተቆረጠ ፊርማ ከሆነ፦ ድሮ ሰብሳቢዎች ፊርማውን ከደብዳቤ እየቆረጡ አልበም ላይ ይለጥፉ ነበር። ጀርባውን እዩ፤ የደብዳቤው ጽሑፍ ቅሪት ካለ ጥሩ ነው። ከአልበሙ ወረቀት ራሳችሁ አታላቅቁት።

## ደረጃ 8፦ ማንበብና መገልበጥ

ጽሑፉን መስመር በመስመር፣ መስመሩ በሚያልቅበት እያቋረጣችሁ ገልብጡ። የፊደል ግድፈቱን አታርሙ። ያልተነበበውን በቅንፍ ክፍት ተዉት፣ የገመታችሁትን የጥያቄ ምልክት አድርጉበት።

የሚያደናግሩት እነዚህ ናቸው፦

- «ኤፍ» የሚመስለው ረጅም ፊደል «ኤስ» ነው፤ በተለይ ሁለት «ኤስ» ሲከታተሉ የመጀመሪያው።
- «ዋይ» ላይ ከፍ ብላ የተጻፈች ትንሽ «ኢ» ካለች «ዘ» ብላችሁ አንብቡ።
- ከመስመሩ ከፍ ብለው የተንጠለጠሉ ትንንሽ ፊደሎች ምኅጻር ናቸው። ከፊርማው በላይ የተደረደሩት አብዛኞቹ «ታዛዥ አገልጋይዎ» የሚለው የመዝጊያ ሰላምታ ናቸው፤ ከማዕረግ ጋር አታምታቷቸው።
- አንድ ቃል አልነበብ ካለ፣ በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ግልጽ የሆነውን ፊደል ፈልጋችሁ የጸሐፊውን ፊደል ገበታ ሥሩ።

ሲያልቅ ከጽሑፉ አንድ ለየት ያለ ሐረግ ምረጡና የአሜሪካ ብሔራዊ አርካይቭ በሚያቀርበው «ፋውንደርስ ኦንላይን» ላይ ፈልጉ፤ የጄይ ወረቀቶች እዚያ አሉ።

ጽሑፉ እዚያ ከተገኘስ? ዋናው ቅጂ የት ተቋም እንዳለ የተጻፈውን አንብቡ። በኦገስት 8 ቀን 1793 ጄይና አራት ዳኞች ለፕሬዝዳንት ዋሽንግተን ምክር ለመስጠት አንችልም ብለው የጻፉት፣ ወይም በጃንዋሪ 2 ቀን 1801 ጄይ ከኦልባኒ ለፕሬዝዳንት ጆን አዳምስ ዳግመኛ ዋና ዳኛ አልሆንም ያሉበት ደብዳቤ እጃችሁ ከገባ፣ ቅጂ ነው ብላችሁ ጀምሩ። አንድ እውነተኛ ልዩ ሁኔታ አለ፦ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ባሕር የሚሻገር ደብዳቤ መርከቡ ሊማረክ ስለሚችል ሁለት ሦስት ቅጂ ተጽፎ በተለያየ መርከብ ይላክ ነበር። ጄይ ከስፔን ለኮንግረስ ሲጽፉም እንዲሁ። ራስጌው ላይ «ዱፕሊኬት» (ሁለተኛ ቅጂ) ወይም «ትሪፕሊኬት» (ሦስተኛ ቅጂ) የሚል ካለ ፊርማው እውነተኛ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 9፦ ከየት መጣ? የማን ነው?

1. ሻጩን ከማን፣ መቼ እንዳገኘው በጽሑፍ ጠይቁ። «ከድሮ የቤተሰብ ስብስብ» የሚል መልስ መልስ አይደለም።
2. ጠርዞቹንና ጀርባውን በአልትራቫዮሌት ዳግመኛ እዩ። የተፋቀ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ወይም የመደርደሪያ ቁጥር በዚህ ብርሃን ሊወጣ ይችላል።
3. ደብዳቤው የተጻፈው ለግለሰብ ነው ወይስ ለመንግሥት አካል? ለኮንግረስ፣ ለክልል ገዥ ወይም ለመሥሪያ ቤት የተላከ ከሆነ የመንግሥት መዝገብ ሊሆን ይችላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ይጠየቃል። ኋላ የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው አሌክሳንደር ሃሚልተን በ1780 ለፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋየት የጻፈው ደብዳቤ ከማሳቹሴትስ አርካይቭ ተሰርቆ ለአሥርተ ዓመታት በግል እጅ ቆይቶ፣ ለጨረታ ሲቀርብ ተይዞ በፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ ክልሉ ተመልሷል። የገዙት ሰዎች ወራሾች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።
4. ጥርጣሬ ካላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ለሚመለከተው የክልል ወይም ለብሔራዊ አርካይቭ ፎቶውን ልካችሁ ጠይቁ። ብሔራዊ አርካይቭ የጠፉ ሰነዶችን የሚከታተል ክፍል አለው።

«ሰርተፍኬት አለው» ከተባላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መርማሪው ያየው ዋናውን ነው ወይስ ፎቶውን? ወረቀቱንና ቀለሙን መርምሯል ወይስ ፊርማውን ብቻ? ፊርማውን ብቻ በፎቶ ያየ ሰው ከደረጃ 4 እስከ 6 ያለውን አልሠራም፤ እናንተው ሥሩት።

## ደረጃ 10፦ ማስቀመጥ

ደብዳቤውን ተዘርግቶ እንጂ በድሮው እጥፋቱ አታስቀምጡት፤ በየከፈታችሁት ቁጥር እጥፋቱ ይሰበራል። በፖሊስተር ከረጢት፣ ከረጢቱን አሲድ በሌለው ፎልደር፣ ፎልደሩን በሣጥን ውስጥ በአግድም አኑሩ። ተራ የፕላስቲክ ከረጢት አይሆንም፤ ቀለም ይነቅላል። የክፍሉ ሙቀት ከ21 ዲግሪ በታች፣ እርጥበቱ ከ35 እስከ 50 በመቶ ይሁን። ጣሪያ ሥር፣ ምድር ቤት፣ ከኤሲ አፍ ፊት ለፊትና ከውጭ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ቁምሳጥን አይሆንም።

ግድግዳ ላይ መስቀል የምትፈልጉ ከሆነ በደረጃ 2 ያነሳችሁትን ፎቶ አሳትሙና እሱን ስቀሉ። ብርሃን የሚከላከል መስታወትም ቢሆን ጉዳቱን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም።

ከሣጥኑ ጋር አንድ ገጽ በእርሳስ የተጻፈ መግለጫ አኑሩ፦ መጠኑ፣ የውሃ ምልክቱ፣ ዓይነቱ፣ ቀኑና ቦታው፣ የጽሑፉ ግልባጭ፣ ከማን እንደተገኘ፣ በየደረጃው ያያችሁት ጥሩም መጥፎም ነገር። በዓመት አንዴ አውጥታችሁ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር አስተያዩት፤ ወፍራም ፊደሎች ላይ አዲስ ስንጥቅ ወይም ጀርባው ላይ አዲስ ቡናማ ጥላ ከታየ ድጋሚ ፎቶ አንሱና ከነሣጥኑ ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ውሰዱት።